እጅ ያጋጨሁበት ሥልጠና

በገበያ ሕግ አሠልጣኝነት ከዓባይ ወዲህ እኔን የሚያህል አልተወለደም፤ ከዓባይ ወዲያ ካለም እስካሁን ወሬው አልደረሰኝም። የአልጋ እግር አምጡልኝ፤ የዋጋ ወሰን አስጠንቼ፣ ማስያዣ አስይዤ፣ ደንቡን በቃሉ አስወጥቼ ነጋዴ አድርጌ እመልስላችኋለሁ። ካሠለጠንኋቸው ሰዎች መካከል የግብይት ደንብ ጥሶ የተቀጣ አንድም የለም። አንደኛው ሌላውን እዚያው ሥልጠናው ላይ፣ ዓይኔ እያየ፣ በሽጉጥ መታው እንጂ።

እሱን ነው የማወጋችሁ።

ጊዜው የእህል ግብይት ከጩኸት ወደ ኮምፒዩተር የሚዛወርበት ነበር። ቀደም ሲል ሻጭና ገዢ መድረክ ላይ ቆመው ዋጋ ይጠራሉ፤ ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ጧ አድርገው ይማታሉ። ያቺ ጧ ፊርማ ናት፤ ከእሷ ወዲያ ማፈግፈግ የለም። በአዲሱ አሠራር ግን ሁሉም ስክሪን ፊት ቁጭ ብሎ ዋጋውን ያስገባል፣ ማሽኑ ያገናኛል። ገና ያልታጨደ ስንዴ፣ ገና ያላበበ ኑግ በቀጠሮ ውል የሚሸጥበት ቀንም ይመጣል ስለተባለ፣ ነጋዴውን ከወዲሁ ደንቡን ማስተማር ያስፈልግ ነበር። ሥልጠናውን ያልጨረሰ ወደ ገበያው አይገባም። ስለዚህ የአምበሩም፣ የደምበጫውም፣ የማርቆሱም እህል ነጋዴ፣ ወደደም ጠላም፣ እኔ ፊት መቀመጥ ነበረበት።

እኔ ያኔ ሠላሳዎቹን ያጋመስሁ፣ አዲስ አበባ ለጥቂት ወራት ተምሬ በቀይ ክራባት የተመለስሁ የማርቆስ ከተማ ልጅ ነበርሁ። ክራባቱን ስተኛም አይፈታውም እየተባልሁ እታማ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ስተኛ እፈታው ነበር። አንድ በሽታ ግን ነበረብኝ። ሰው ከሳቀልኝ አእምሮዬ ይሰወራል። አንድ ሰው ፈገግ ካለ ቀልድ እጨምራለሁ፤ ሁለት ሰው ከሳቀ ሦስተኛውን ለማሳቅ ቤቴን አቃጥላለሁ።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ዘበኛው በር ላይ የሁሉንም ዱላ እየተቀበለ ጥግ ያቆማል። ከትምህርት ቤት የተዋስሁት የእጅ ደወል ነበረኝ፤ ክብደቱ የበሬ ጭንቅላት ያህላል። «ይህ ደወል ሲጮህ ገበያው ተዘጋ ማለት ነው፤ እጁን ያላወረደ ይቀጣል» ብዬ ደጋግሜ አለማመድኋቸው። ደወሉን ነቅነቅ ሳደርግ ያ ሁሉ ባለ ጋቢ ትልቅ ሰው እጁን እንደ ተማሪ ዱብ ሲያደርግ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ንጉሥ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ከሠልጣኞቹ ሦስቱን ልንገራችሁ። ጥሩወርቅ የማርቆስ የኑግ ነጋዴ ናት፤ እኩያዬ ናት፣ ምላሷ ግን የሰባት ሰው ነው። ጋሽ አንዳርጌ ከደምበጫ የመጡ፣ ሃምሳን የዘለሉ፣ ዝምተኛ የበቆሎ ነጋዴ ናቸው። ሦስተኛው ስማቸው የሚባል፣ ከአምበር የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይኑን ከመሬት የማያነሳ።

ጋሽ አንዳርጌ መጀመሪያ የገቡ ዕለት ወንበራቸውን ጎትተው ጀርባቸውን ለግድግዳ፣ ፊታቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ግድግዳው እንዳይወድቅ ደግፈው ነው?» አልኋቸው።

ማንም አልሳቀም። ጥሩወርቅ እንኳ አልሳቀችም። ቀልዱ ሳይገባቸው ቀረ ብዬ አዘንሁላቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ዋናውን ደንብ አስተማርሁ። «በኮምፒዩተር ግብይት ገዢና ሻጭ አይተዋወቁም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ዋጋና መጠን ነው። ስም የሚያውቀው ተቆጣጣሪው ብቻ ነው። ስም ያወጣ ከገበያው ይባረራል!»

«አንተ መምህር» አለች ጥሩወርቅ፤ «የማላውቀውን ሰው እንዴት ነው የማምነው? እዚህ የማውቃቸውንም አላምንም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ሰውየውን አይደለም የምታምኚው፤ ደንቡን ነው» አልሁ።

ስማቸው እጁን አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰማሁት። «መምህር፣ ከማሽኑ ወዲያ ያለው ሰው ልገናኘው የማልችለው ሰው ቢሆንስ?»

«ባላንጣህም ቢሆን አታውቀውም! ደንቡ የተሠራው ለዚያ ነው። በቆሎ ዘር ማንዘር የለውም።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ በትምህርቴ ጥልቀት የመጣ አድናቆት መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

እኔ ብቻ የማላውቀው፣ እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ግን የሚያውቀው ነገር ይህ ነበር። የጋሽ አንዳርጌ ታናሽ ወንድም በእርሻ ድንበር ጠብ የስማቸውን ታላቅ ወንድም ገድሏል። ገዳዩ ወህኒ ወረደ፤ ጋሽ አንዳርጌ ደም ሽሽት ቤተሰባቸውን ይዘው ከአምበር ወደ ደምበጫ ተሰደዱ። እርቅ አልወረደም። እርቅ ሳይወርድ ደመኞች ከአንድ ዋንጫ አይጠጡም፣ እጅ ለእጅ አይነካኩም። የነካ የወንድሙን ደም ሸጠ ይባላል፤ እናቱ እንኳ ፊቷን ታዞርበታለች። ሁለቱ እዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ያለ ሥልጠናው እንጀራቸው ስለሚዘጋ ብቻ ነበር። ነገሩን ለእኔ የነገረኝ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር አፍ ተከፍቶ አይነገርም፣ የማርቆስ ልጅ ደግሞ ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። እኔ የማውቀው ክራባት ማሰር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተግባራዊ ልምምድ ጀመርን። ሁሉም ኮምፒዩተሩ ላይ እንደተጎነበሰ መብራት ድርግም አለ።

«መምህር፣ ገበያውም ጧፍ ይፈልጋል እንዴ?» አለች ጥሩወርቅ።

ሳቁ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ አእምሮዬ ወጣ። «ግድ የለም! ከአሁን ጀምሮ ማሽኑ እኔ ነኝ። ዋጋችሁን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፤ እኔ አገናኛለሁ። ስሙን የጠራሁት ወጥቶ እንደ ድሮው መዳፍ ይመታል!»

ጠዋት ስም ያወጣ ይባረራል ያልሁት ሰው እኔ ነኝ። ይህም አልበቃኝም። «ገዢን ከሻጭ በምን እለያለሁ? ዘበኛ! ዱላቸውን መልስላቸው። ገዢ ዱላውን ይዞ ይወጣል፣ ሻጭ ባዶ እጁን!»

ዘበኛው አመነታ። «ጌታዬ፣ ዱላውን...»

«መልስ አልሁ!»

መጀመሪያ ጥሩወርቅና አንድ የማርቆስ ነጋዴ ወጡ። እሷ መዳፏን ስታሳርፍበት ሰውየው እጁን እፍ እፍ አለ፤ ቤቱ ፈረሰ። ሁለት ሦስት ጥንድ እንዲሁ አለፈ። ቀጥዬ ሁለት ወረቀት አዛመድሁና ጮኽሁ። «በቆሎ! ሻጭ አንዳርጌ፣ ገዢ ስማቸው! ዋጋ ተስማምቷል!»

«ተው አንተ መምህር» አለች ጥሩወርቅ ዝቅ ባለ ድምፅ። የቀልድ መስሎኝ ጠቀስኋት።

ስማቸው ዱላውን ይዞ ቆመ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። «መምህር፣ ከሌላ ሰው ጋር አገናኘኝ።»

«በገበያ መምረጥ የለም!»

ጋሽ አንዳርጌ ከግድግዳው አልተላቀቁም። «ልጄ፣ የእኔን ወረቀት ቅደደው።»

«ስምምነት አይቀደድም፣ ጋሽ አንዳርጌ! ምነው እንደ ሙሽራ አፈሩ?» ብዬ ሄጄ ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኋቸው። እኒያ ትልቅ ሰው ሰው ፊት ከእኔ ጋር መታገል አፈሩ መሰለኝ፣ ተከተሉኝ።  በግራ ብብቴ ደወሉን ሸጎጥሁ፣ በአንድ እጄ የእሳቸውን አንጓ፣ በሌላው የስማቸውን አንጓ ያዝሁና የሁለቱን መዳፍ እኔው ራሴ አጋጨሁት።

ጧ!

አንድ ሰው አልሳቀም። ስማቸው መዳፉን ገልብጦ አየ፤ እንደ ተቃጠለ ሰው። ከዚያ በቀስታ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «የወንድሜን ደም አሸጥኸኝ» አለኝ።

ዱላው አየሩን ሲሰነጥቅ ሰማሁት እንጂ ሲነሣ አላየሁትም። ጋሽ አንዳርጌ ቀኝ ክንዳቸውን ለመከታ ብድግ አደረጉ፤ ክንዱ እንደ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቋ አለ። ሁለተኛው ዱላ ጆሮዬን ይዞኝ ሄደ። ዓለም በሙሉ ደወል ሆነ። ስወድቅ ያየሁት የአምበር ሰዎች በአንድ በኩል፣ የደምበጫ ሰዎች በሌላ በኩል ሲነሡ ነው፤ ዱላውን ደግሞ በእጃቸው ያስያዝኋቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ውርጅብኝ ነው። ወንበር በረረ። ፕሮጀክተሩ ተፈረካከሰ። አንድ ሰው ግንባሩ ተፈንክቶ «ሥርዓት ያለው ገበያ» ብዬ በጻፍሁበት ነጭ ሰሌዳ ላይ ተደግፎ ተንሸራተተ፤ ደሙ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አሰመረበት። የአንዱ ጥርስ ኮምፒዩተሩ ላይ ወድቆ ጠቅ ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በደኅናው ጆሮዬ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ «ኧረ የመንግሥት ንብረት ነው!» እያለ ይጮሃል፤ ሰው እየተሰበረ እሱ ለወንበሩ!

ተንፏቅቄ ልወጣ ስል አንድ እጅ እጄን ጨመደደኝ። ጋሽ አንዳርጌ ናቸው። ወድቀዋል፤ ቀኝ ክንዳቸው ተንጠልጥሏል፣ በግራ እጃቸው ግን እንደ ብረት ይዘውኛል።

«ይልቀቁኝ ጋሽ አንዳርጌ!»

«አለቅህም! ያገናኘኸን አንተ ነህ፣ አንተም አብረህ ቁም!»

ያኔ ሽጉጡ ጮኸ። የመጀመሪያው ጥይት ቆርቆሮውን ቀደደው፤ የዘመን አቧራ በላያችን ረገፈ። ዱላው ሁሉ ባለበት ቆመ። ስማቸው ከጋቢው ሥር ያወጣውን ሽጉጥ ወደ ታች አዞረው። ጋሽ አንዳርጌ መሬት ላይ ናቸው፤ እኔ በእሳቸውና በሽጉጡ መካከል ተንበርክኬአለሁ። ከተማው እስከ ዛሬ «መሐል ገብቶ አዳናቸው» ይለኛል። አልገባሁም። ስለያዙኝ ነው።

«መምህር፣ ዞር በል» አለኝ ስማቸው። ዓይኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ እንባ ሞልቶታል።

«አልቻልሁም» አልሁት። እውነቴን ነበር።

ጋሽ አንዳርጌ ከሥሬ ሆነው «ተኩስ እንግዲህ» አሉት። «ልጁን ግን አትንካ። ሞኝ ነው እንጂ ክፋት የለበትም።»

ደወሉ ግራ እጄ ላይ ነበር፤ መቼ ከብብቴ እንዳወጣሁት አላውቅም። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሲንቀጠቀጥ ደወሉ ጮኸ። አልደወልሁትም፤ ፍርሃቴ ነው የደወለው። እናም የደከምሁበት ልምምድ በዚያች ቅጽበት ፍሬ አፈራ፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው እጅ ሁሉ ከነዱላው ዱብ ዱብ አለ። የስማቸውም ክንድ ዝቅ አለች፤ ዝቅ ስትል ግን ጣቱ ቃታው ላይ ነበር። ጥይቱ ደረታቸውን ትቶ ጭናቸውን በሳው።

«በሕግ አምላክ!» ጥሩወርቅ ናት። በወንበሮቹ ላይ ተረማምዳ መጥታ ፊቱ ተገተረች። «ስማቸው! በሕግ አምላክ ብዬሃለሁ!»

ስማቸው ደርቆ ቀረ። ያንን ቃል ተሻግሮ ሁለተኛ መተኮስ አልቻለም። ሽጉጡን አየ፣ የሚፈሰውን ደም አየ፣ ከዚያ በተከፈተው በር ሮጦ ወጣ። ያስቆመው አልነበረም።

የጋሽ አንዳርጌን ጭን በቀዩ ክራባቴ ጠፍሬ አሰርሁት። ደሙ ሲነካው ቀለሙ አልተለየም። ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ወደ ሆስፒታል ስንከንፍ ሹፌሩን «ቀስ በል» እለዋለሁ፣ ጥሩወርቅ «ፍጠን» ትለዋለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያጉተመትማሉ። ጥሩወርቅ የሁለቱን ወገን ደም መንገድ ላይ ነግራኝ ነበርና፣ እኒህ ሰው ቢሞቱ የሚሞቱት እሳቸው ብቻ እንዳልሆኑ ያኔ ገብቶኛል።

ሀኪሞቹ ደሙን ካቆሙ በኋላ ፖሊስ መጣ። «ማነው የመታዎት?»

ጋሽ አንዳርጌ ጣሪያውን እያዩ፣ «አላወቅሁትም» አሉ።

«እንዴት አላወቁትም? ያ ሁሉ ሰው እያየ!»

«በአዲሱ ገበያ ገዢና ሻጭ አይተዋወቅም። መምህሩን ጠይቀው።»

አልጋውን የከበቡት ሰዎች ፊታቸው ጠቆረ። በእኛ አገር የተመታ ሰው የመታውን ስም ለሕግ ካልሰጠ ለራሱ አስቀምጦታል ማለት ነው። በመስኮት ሳይ የወንድሞቻቸው ልጆች ከደምበጫ ደርሰው ግቢው በር ላይ ቆመዋል፤ ጋቢያቸው ሥር ያለው ረጅም ነገር ጃንጥላ አልነበረም። ነገ አምበር እንደምትቃጠል፣ ከነገ ወዲያ ደምበጫ፣ እሳቱንም የለኮሰው የእኔ ቀልድ እንደሆነ አሰብሁ። 

ፖሊሱ ሲወጣ ጋሽ አንዳርጌ በጣታቸው ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ መንገድ ትሄዳለህ።»

«ወዴት?»

«ወደ ስማቸው። ከእኔ ወገን አንድ ሰው ቢሄድ ይጋደላሉ፤ ከእሱ ወገን የሚመጣ የለም። አንተ የማንም አይደለህም። ስሙን ያልጠራሁት ላሳድደው አይደለም በለው። ወንድሜ ያፈሰሰው ደም ነበር፤ የእኔም ዛሬ ፈሷል። ሽማግሌ ይላክ። እነዚህን ልጆች መያዝ የምችለው ትንፋሽ እስካለኝ ነው፤ ትንፋሼን ደግሞ ታየዋለህ።»

በማግሥቱ ጠዋት ጆሮዬ በፋሻ ተጠቅልሎ አምበር ወረድሁ። ቤታቸውን ያሳየኝ ሰው ጣቱን ብቻ ቀስሮ ተመለሰ። ከባሕር ዛፉ መሐል ስማቸው ወጣ፤ አሁን የያዘው ጠመንጃ ነው። ሰላምታ ሳልጨርስ በሰደፉ ጎኔን አለኝ። ትንፋሼ ተቆርጦ ጭቃ ላይ ተዘረርሁ።

«መጣህ? ደግሞ የማንን እጅ ልታጋጭ?» ሌላ ጨመረልኝ፤ የጎድን አጥንቴ ሲሰነጠቅ አወቅሁት። አፈሙዙን ደረቴ ላይ ተከለው።

«መልእክት... መልእክት ይዣለሁ...»

«ሞቷል?»

«አልሞቱም! ስምህንም ለፖሊስ አልጠሩም!»

«ለራሱ አስቀምጦታል ማለት ነው።»

«አይደለም!» አልሁና የተባልሁትን ሁሉ ቃል ሳልጨምር ነገርሁት። በሕይወቴ ሳልጨምር ያወራሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ማተብህን ይዘህ ማል።»

ይዤ ማልሁ። አፈሙዙ ከደረቴ ተነሣ። ስማቸው አጠገቤ ጭቃው ላይ ቁጭ አለና ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ አየው።

«ከትናንት ጀምሮ በዚህ እጄ አልበላሁም» አለ። «በግራዬ ነው የቀመስሁት። እናቴ አይታ ፊቷን አዞረችብኝ። መምህር፣ ይሄን እጅ ምን ላድርገው?»

 «ለሽማግሌ ስጠው» አልሁ፤ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ሽማግሌ ላከ። ራሱም ለፖሊስ እጁን ሰጠና ቅጣቱን ተቀበለ። ጋሽ አንዳርጌ እያነከሱ ዳኑ። ስማቸው ሲፈታ እርቁ ወረደ፤ ካህናቱ መስቀላቸውን ይዘው በመካከል ቆሙ፣ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ስማቸው እግራቸው ላይ ወድቆ ጭናቸውን ሳመ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ «አንተ እዚያው ቁም፤ እጅህንም ኪስህ ክተት» አሉኝ። ከተትሁ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህም ብዙ አሠልጥኛለሁ፤ አሁንም አስቃለሁ። ግን አዳራሽ ከመግባቴ በፊት ዘበኛውን «ማን ከማን ጋር አይቀመጥም?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገዢና ሻጭ አይተዋወቁም የሚለውን ደንብ ስደርስ ደግሞ አልቀልድም። ያን ደንብ ስማር ለፈተና የሸመደድሁት ደረቅ ዓረፍተ ነገር ነበር። ለካ ያ ደንብ ስማቸውና ጋሽ አንዳርጌ በቆሎ ተሸጣሽጠው፣ ሁለቱም ልጆቻቸውን አብልተው፣ እጃቸውን ንጹሕ ይዘው እንዲያድሩ በመካከላቸው የተቆፈረ ቦይ ነው፤ እኔ ለአንድ ሳቅ ስል ደፈንሁት። እናንተም በምትሠሩበት ቦታ ሰውን ከሰው የሚለይ፣ ለምን እንዳለ የማታውቁት ደንብ ካለ፣ ከመዝለላችሁ በፊት ማን ጀርባውን ለግድግዳ እንደሰጠ ዞር ብላችሁ እዩ።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ያን ዕለት ከአዳራሹ ስወጣ ያዩኝ የማርቆስ ሰዎች ወገቤ ላይ የሴት ነጠላ ጠምጥሜ ስላዩ፣ እኔም በጥይት የተመታሁ መስሏቸው አልቅሰውልኛል፤ እኔም ዝም ብዬ አስለቅሻቸዋለሁ። አልተመታሁም። ሽጉጡ ወደ እኔ ሲዞር ሱሪዬ ላይ ሸንቻለሁ፤ ጥሩወርቅ አይታ፣ ምንም ሳትል፣ ነጠላዋን አወረደችልኝ።